ከእንቁጣጣሽ በፊት ጤናማ ልምድን ስለ መያዝ፦ ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፍልሰታ እስከ ጳጉሜ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቃቸው እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ተነስተን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ለምን ከመስከረም 1 አልጀምርም? ዓመቱ የሚለወጠው ያኔ አይደል?

መጀመር ይቻላል። ግን መስከረምን እስኪ ልብ ብላችሁ እዩት። የሚገባው በዶሮ ወጥና በጠላ ነው። ከዚያ ዘመድ ጥየቃ አለ። የልጆች ደብተር፣ ዩኒፎርምና ምዝገባ ይከተላል። እፎይ ሳይባል 17 ላይ መስቀል ይደርሳል። በዚህ ግርግር መሀል «ከዛሬ ጀምሮ ስኳር በቃኝ» ማለት ሠርግ ቤት ገብቶ ጾም እንደ መያዝ ነው።

ነሐሴ ግን ረጋ ያለ ወር ነው። የቡሄን ሙልሙል ካልቆጠርን ድግስ የለም፣ ሠርግ የለም፣ በዝናቡም ምክንያት ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል። አዲስ ነገር ለመልመድ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላውቅም። መስከረም ሲጠባ ልምዱ አንድ ወር ከሞላው ዶሮ ወጡ በቀላሉ አያናውጠውም።

ነሐሴ አመለጠኝ፤ አሁን ጳጉሜ ገብቷል። ረፍዷል?

አልረፈደም። ጳጉሜ አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች። በ2015 ስድስት ነበረች፣ በ2019ም እንደዚያው። አምስት ቀን ልምድ ለመትከል አይበቃም፤ ለመሞከር ግን ልክ ነው። አንድ ትንሽ ነገር ምረጡና አምስቱን ቀን ያዙት። ካልተመቻችሁ መስከረም ሳይገባ ታውቁታላችሁ፣ ትቀይሩታላችሁ።

ጤናማ ልምድ ሲባል ምን ምን ነው? ሁሉንም በአንዴ ልያዝ?

በአጭሩ፦ ሰውነትን ማንቀሳቀስ፣ ጨውና ስኳር መቀነስ፣ አትክልትና ጥራጥሬ መብላት፣ በቂ መተኛት፣ መጠጥ መቀነስ፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ እጅ መታጠብ፣ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ደግሞ በሰዓቱ መውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው። በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ለአምስት ቀን።

ሁሉንም በአንዴ አትያዙ። ሰባት ነገር በአንድ ቀን የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ ሰባቱንም በአንድ ሳምንት ይተዋል። አንድ ያዙ። ሲጸና ሁለተኛውን ጨምሩ።

ልምድ ለመሆን 21 ቀን ይበቃል ይባላል። እውነት ነው?

ቁጥሩ ታዋቂ ነው እንጂ ልክ አይደለም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አማካዩ 66 ቀን ነበር። ግን ሰው ከሰው፣ ነገር ከነገር ይለያያል። ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን የሚሆን ልዩነት ታይቷል። ውኃ መጠጣትን የመሰለ ቀላል ነገር ቶሎ ይለመዳል፤ ስፖርት ይዘገያል።

ወደ እኛ ካላንደር ስናመጣው፣ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ስትያዝ የጀመረ ሰው 66ኛው ቀን የሚውልለት ጥቅምት 1 ነው። ማለትም እንቁጣጣሽም መስቀልም የሚያልፉት ልምዱ ገና ለጋ ሳለ ነው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በመስከረም ሲንገዳገድ አይደነግጥም።

ሌላም ጥሩ ዜና አለው ጥናቱ። አንድ ቀን መዝለል ልምዱን አያበላሽም። እንቁጣጣሽ ዕለት ሳይራመዱ ቢውሉ ዓለም አይገለበጥም፤ መስከረም 2 መነሳት ነው።

ፍልሰታን ጾሜያለሁ። ይህ ራሱ ጤናማ ልምድ አይደለም?

ለብዙ ሰው ነው። አሥራ አምስት ቀን ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት ማለት ቀላል አይደለም። ገበታው በአብዛኛው ጥራጥሬና ጎመን ይሆናል። ብዙ ሰው ሌሊት ለሰዓታትና ለኪዳን፣ ቀን ለቅዳሴ በእግሩ ይመላለሳል። መጠጥ የሚተውም አለ። በሌላ ወር «አልችልም» ያልነውን ሁሉ በነሐሴ ስንችለው እንውላለን። እኔ እንደማየው ጉዳዩ የመቻል አይደለም። ነሐሴ 16 ሲሆን ሁሉንም በአንድ ጧት መወርወራችን ነው።

ስለዚህ ጾሙ ሲፈታ አንድ ነገር አስቀሩ። አንድ ብቻ። ለምሳሌ ማታ ማታ ጎመን መብላቱ ይቀጥል። ወይም ሻይ ላይ ስኳር ካስቀነሳችሁ በዚያው ጽኑ። ወይም ቤተ ክርስቲያን የሄዳችሁበት መንገድ በእግር መሆኑ አይቅር። ረቡዕና ዓርብ ቀድሞም አሉ፤ ያስታውሷችኋል።

አንድ ማስተካከያ ግን አለኝ። የጾም ምግብ ሁሉ ጤናማ ነው ማለት አይደለም። ሳምቡሳ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ፣ በስኳር የጣፈጠ ሻይ በነጭ ዳቦ፣ እነዚህም የጾም ናቸው። ቤት ውስጥ የገብስ ቆሎ፣ በሶና የባቄላ ንፍሮ እያለ ስምንት ሰዓት ላይ ብስኩት ፍለጋ ሱቅ መሮጥ ያሳዝናል። ገብስና ባቄላ ከመንዝ እስከ ጅሩ የደጋው እህሎች ናቸው፤ አሰር (ፋይበር) አላቸው፣ ሆድ ይይዛሉ።

በዚህ ዝናብና ጭቃ እንዴት ነው ስፖርት የሚሠራው?

ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው ጥያቄው ትክክል ነው። ጭጋጉ አንዳንዴ እስከ ረፋድ አይነሳም። ጣት በቆፈን ይደርቃል። ከጋቢ ስር መውጣት ራሱ ትግል ነው። ያም ሆኖ ክረምት ላይ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚያይል ጧት ይሻላል።

ቤት ውስጥም ይሠራል። ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ ባሉበት መሮጥ፣ ገመድ ዝላይ። ሁለት ካሬ የማይሞላ ቦታ ይበቃል። ቡና እስኪፈላ ድረስ ያለው ጊዜ ግሩም ነው። ጀበናው ሲጣድ ትጀምራላችሁ፣ ሲንተከተክ ታቆማላችሁ። ልምድን ከነባር ልምድ ጋር ማሰር የሚባለው ይኸው ነው። ቡናውን ማንም አይረሳውም፤ ስለዚህ ቁጭ ብድጉም አይረሳም።

ውጭ የምትወጡ ደግሞ ባጃጅን በከፊል ተዉት። ከጠባሴ ወደ መሀል ከተማ ሙሉውን መንገድ ከመሳፈር ግማሹን ተራመዱ። ቦት ጫማ አድርጋችሁ ቢሆንም ችግር የለውም። 30 ደቂቃው በአንዴ መሆን የለበትም፤ አሥር አሥር እየተባለ ቢጠራቀምም ያው ነው። ጂም የግድ አይደለም። ከፍሎ የማይሄድ ሰው ሞልቷል።

ቀኑን ሙሉ አረም ላይ ነው የምውለው። እኔም ስፖርት ያስፈልገኛል?

አያስፈልግም። የነሐሴ አረም ስፖርት ነው፣ ያውም ከባዱ። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ሌላ ነው። ጎንበስ ብሎ መዋል ወገብ ይጎዳልና በየሰዓቱ ቀና ብላችሁ ተንጠራሩ። ውኃ ይዛችሁ ውጡ። የረጠበ ልብስና ካልሲ ለብሳችሁ አትደሩ። ኬሚካል የምትረጩ ከሆነ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ከነፋሱ ጋር እንጂ በነፋሱ ላይ አትርጩ፣ ስትጨርሱ እጃችሁን ሳትታጠቡ እንጀራ አትንኩ። የባዶውን የመድኃኒት ጀሪካን ለውኃ መቅጃ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም።

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ልቤ ታሞ ይሆን?

ብዙውን ጊዜ ከፍታው ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ፣ መንገዱ በመሀል ጣርማ በርን ያቋርጣል። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። ለበዓል የመጣ ሰው መጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ዝግ ብሎ ይራመድ፤ ሩጫውን ይቆየው። ቁጭ ባላችሁበትም የሚያጥራችሁ ከሆነ፣ ደረት ከወጋችሁ ወይም እግር ካበጠ ግን ከፍታ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

በብርድ ውኃ አይጠማኝም። የግድ ልጠጣ? የክረምት ውኃስ እንዴት ነው?

በብርድ ጥም ይቀንሳል እንጂ ሰውነት ውኃ ማጣቱን አያቆምም። ትንፋሽ ራሱ ውኃ ይዞ ይወጣል። ቀዝቃዛው ካስጠላችሁ ሙቅ ጠጡ፤ በቴርሞስ ይዞ መዋል ነው። የሽንት ቀለም ጥሩ መለኪያ ነው። ጠቆር ካለ አልጠጣችሁም ማለት ነው።

የክረምት ውኃ ግን ይደፈርሳል፣ ጎርፉም ከየሜዳው የሰበሰበውን ወደ ምንጭና ወንዝ ያስገባል። ማፍላት አስተማማኝ ነው። እዚህ ላይ ደጋ ለሚኖር ሰው የተለየ ነገር አለ። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ 90 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፣ መንዝ ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው ምክሩ ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ነው። ማገዶ ካጠረ እንደ ውኃ አጋር ያለ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ይሠራል። ድፍርሱን መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት።

ጨው ቀንሱ ይባላል። እኛ እኮ ወጥ ላይ ብዙም አንጨምርም?

ምናልባት ወጡ ላይ አትጨምሩም። ግን ሽሮውን እዩት። ሽንብራው ወይም ባቄላው ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ከበርበሬና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ሲዘጋጅ ወፍጮ ቤት ሳይሄድ ጨው ገብቶበታል። አብሮት የገባው በርበሬም ሲዘጋጅ ጨው ተጨምሮበታል። ከዚያ ሽሮው ድስት ላይ ሲንተከተክ አንዷ ትቀምስና «ጨው አነሰው» ትላለች። ሦስተኛው ጨው ይህ ነው። እንጀራ ፊት ሲቀርብ ደግሞ ሚጥሚጣ ይመጣል፤ እሱም ጨው አለው። አራት ጊዜ ጨምረን «ብዙም አንጨምርም» እንላለን።

የሚመከረው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ልክክ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፤ ለቀኑ ሙሉ፣ የተደበቀውም ተቆጥሮ። ለበዓሉ ሽሮና በርበሬ የሚያስፈጭ ቤት ካለ ጊዜው አሁን ነው። «እማዬ፣ ዘንድሮ በርበሬው ላይ ጨው አትጨምሪ፤ ወጡ ላይ እናደርጋለን» ማለት ይበቃል። በደንብ የደረቀ በርበሬ ያለ ጨውም ይቀመጣል። መጀመሪያ ሳምንት ምግቡ አልጫ አልጫ ይላል። ምላስ ግን ቶሎ ይለምዳል፤ በወሩ የሰው ቤት ወጥ ጨው የበዛበት ይመስላችኋል።

የምትጠቀሙት ጨው አዮዲን ያለው ይሁን። ከድኑት፣ ከምድጃ አርቁት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። እንቅርትን የሚከላከለው እሱ ነው።

ከሰል ቤት አስገብተን እየሞቅን እንተኛለን። ችግር አለው?

አዎ፣ ይገድላል። ከዚህ ሁሉ ጥያቄ አንዱን ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ ይህንን ያንብብ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። አይታይም፣ አይሸትም። በሩ የተዘጋ ቤት ውስጥ ቀስ እያለ ደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ያልፋል። «ጭሱ ካለቀለት ችግር የለውም» የሚባለው ስሕተት ነው። የቀላ ፍምም ያወጣዋል።

ቤቱን አሙቁና ከመተኛታችሁ በፊት ከሰሉን ወደ ውጭ አውጡት። ሌሊቱን ብርድ ልብስና ቡልኮ ይበቃል። የኩበትና የእንጨት ጭስም ሌላው ነው፤ በየቀኑ ምድጃ ላይ የምትውል ሴትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ሳንባ ላይ ይቀራል። ለእንቁጣጣሽ ቤት ሲታደስ ግድግዳው ከመለቅለቁ በፊት የጭስ መውጫ ቢከፈት ወጪው ያው ነው።

አረቄ ለብርድ መድኃኒት ነው ይባላል። ትንሽ ትንሽ ብቀምስ?

አረቄ ያሞቀ ይመስላል። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። አልኮል የቆዳ ደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ደም ወደ ቆዳ ሲመጣ ሙቀት ይሰማችኋል፣ ያው ሙቀት ግን ወደ ውጭ ይወጣል። የውስጥ ሰውነት ይቀዘቅዛል። ጠጥቶ ውርጭ ላይ የተኛ ሰው አደጋ ላይ የሚወድቀው ለዚህ ነው። የቤት አረቄ ደግሞ ኃይሉ ከቤት ቤት ይለያያል። አንዱ ቤት ሁለት መለኪያ የቻለ ሌላ ቤት በአንዱ ይወድቃል።

መጠጥ መቀነስ የጀመረ ሰው ለበዓል ምን ያድርግ? አስቀድሞ ቁጥር ይወስን፤ በዓሉ መሀል የሚወሰን ቁጥር ሁልጊዜ ከፍ ይላል። በባዶ ሆድ አይጠጣ። በመሀል ውኃ ወይም ቅራሪ ይጠጣ። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ሲያቋርጥ መንቀጥቀጥና መወራጨት ሊመጣበት ስለሚችል በሐኪም ክትትል ቢተው ይሻላል።

ጾሙ ተፈቷል፣ በዓሉም ደርሷል። ጥሬ ሥጋና ቅቤ እንዴት ልያዝ?

ሆድ አሥራ አምስት ቀን ቅባት ሳያይ ቆይቶ በአንድ ቁርስ ዶሮ ወጥና ክትፎ ሲመጣበት ይጮሃል። ቀስ በቀስ ጀምሩ፣ ጎመኑን ከገበታው አታንሱት። ጭኮ በጣም ጣፋጭ ነው፤ ገብስና ቅቤ ስለሆነ ትንሹ ብዙ ነው።

ጥሬ ሥጋን በተመለከተ የቅርጫ ሥጋ ብዙ ጊዜ በእንስሳት ሐኪም ሳይታይ ነው የሚከፋፈለው። የኮሶ ትል እንቁላል ያለበት ሣር የበላ በሬ ሥጋው ውስጥ ሩዝ የሚያክሉ ነጫጭ ከረጢቶች ይይዛል። ሳይበስል የበላው ሰው ትሉን ይወርሳል። ብዙ ሰው «ኮሶ ቢይዘኝ መድኃኒት እወስዳለሁ» ይላል፤ መድኃኒቱ አለ፣ እውነት ነው። በጥብስ መለወጥ ግን ይቀላል። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ጥሬ አይቅረብ።

ልጆቹ ክረምቱን ሲያመሹ ከረሙ። ትምህርት ሲከፈት እንዴት ይነሳሉ?

ከጳጉሜ 1 ጀምሮ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ቀደም አድርጋችሁ አስተኟቸው፣ ሩብ ሰዓት ቀደም አድርጋችሁ ቀስቅሷቸው። ስልክና ቴሌቪዥን ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ይዘጋ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ አምሽተው ችቦ ሲያበሩ የመኝታ ሰዓቱ ቢያመልጣቸው ግን ተዉዋቸው፤ ዓመት አንዴ ነው።

ቆላ ነው የምኖረው። ከአዲስ ዓመት በፊት የሚለየኝ ነገር አለ?

አጎበር። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ቆላ፣ ባጠቃላይም ሞቃት በሆነው ዝቅተኛ አካባቢ፣ ወባ የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲያቁር ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ። በጳጉሜ ቤት ስታጸዱ አጎበሩን አውርዳችሁ እዩት፤ ከተቀደደ ስፉት። ውኃ ያቆረ ጎማና ጣሳ ድፉ። ደገኛ ዘመድ ለበዓል ከመጣ አጎበሩ ለእሱ ይቅደም፤ ወባን ስለማይላመደው ይብስበታል። ትኩሳት የተሰማው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር።

ሕመም የለብኝም። ደም ግፊቴን መለካት ያስፈልገኛል?

ያስፈልጋል፤ ግፊት ምልክት አይሰጥም። «ራሴን አያመኝም» ማለት ግፊት የለኝም ማለት አይደለም። ጤና ጣቢያ ይለካል፤ የሚወስደውም ደቂቃ ነው። ቡና ጠጥታችሁ ወይም ዳገት ወጥታችሁ ወዲያው አትለኩ። አምስት ደቂቃ ዐረፍ በሉ፣ ጀርባችሁን ደገፍ፣ እግራችሁን መሬት አድርጉ፣ ክንዳችሁ በልብ ልክ ይሁን። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት ይባላል። አንድ ጊዜ ከፍ ማለቱ ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ ድገሙት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ለጳጉሜ ጠበል ልገባ ነው። መድኃኒቴን ላቋርጥ?

አታቋርጡ። ወደ ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን በቦርሳው ይያዝ። የግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ መድኃኒት በድንገት ሲቆም በሽታው ይመለሳል። የቲቢና የኤች አይ ቪው ተሕዋስ ደግሞ መድኃኒቱን ከተላመደው ያው መድኃኒት ኋላ አይሠራም። ጠበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በሕይወት ሳሉ በይፋ ተናግረዋል። ለሚቆዩበት ቀን የሚበቃ፣ ከዚያም ለሁለት ሦስት ቀን የሚተርፍ መድኃኒት ያዙ፤ መንገድ ሊዘገይ ይችላል።

ጳጉሜ 3 የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ላይ የምትቆሙም፣ ተባርካችሁ ስታበቁ እርጥቡን ልብስ ወዲያው ቀይሩ። አስም ያለበትና አራስ ልጅ ይታሰብበት።

ስኳር አለብኝ፤ መጾምም እፈልጋለሁ። እንዴት ላድርግ?

ይህ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ስለዚህ መልሱ ከጾሙ በፊት ከሐኪም ጋር የሚነጋገሩበት ነው። በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ምግቡን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አዘግይቶ መጠኑን በራሱ ቢቀያይር አደገኛ ነው። የጾም ምግቡ ራሱ ችግር የለውም፤ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ለስኳር ሕመምተኛ ተስማሚ ናቸው። የሚያሰጋው ረጅሙ ባዶ ሆድ ነው።

መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ መደናበር ከተሰማ ስኳር ወርዷል። ያኔ ጾሙ በዚያው ይፈታል። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻላችሁ ድገሙት፣ ከዚያ ምግብ ብሉ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፤ ወደ ጤና ተቋም አፋጥኑት። ስለ ጾሙ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ሕመምተኛን ቤተ ክርስቲያን አታስጨንቅም።

ሁሉን ጀምሬ ነበር። ችግሩ ሰው ነው፤ «በሞቴ» እያሉ ያጎርሱኛል። እንዴት እምቢ ልበል?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። የጨውና የስኳሩ ሳይንስ ቀላል ነው፤ አክስትን እምቢ ማለት ግን ከባድ ነው። እንግዳ መቀበል በእኛ አገር ክብር ነው፤ የቀረበን አለመብላት ደግሞ ክብሩን መንካት ይመስላል። ስለ ካሎሪ ንግግር ማድረግ ቤቱን ያቀዘቅዛል። አይሠራም።

የሚሠራው ሌላ ነው። ቀድማችሁ ብሉ፣ ግን ሙሉ አትብሉ። የመጀመሪያዋን ጉርሻ በሁለት እጅ ተቀበሉ፣ አመስግኑ። ሁለተኛዋ ስትመጣ «እትዬ፣ ይሄኛውን ለእሱ አጉርሺው» ብላችሁ ጎናችሁ ያለውን ጠቁሙ። ጠላው ሲቀዳ ብርጭቆውን ሳትጨርሱ አቆዩት፤ ባዶ ብርጭቆ ነው የሚሞላው። ጎመኑን አመስግኑ፤ አጎራሽ የተመሰገነውን ነገር ነውና የሚጨምረው በሚቀጥለው ዙር ጎመን ይደርሳችኋል። በአንድ ቀን አምስት ቤት መግባት ካለባችሁ ሁለቱን በዚያው ቀን፣ የቀሩትን በሚቀጥለው ቀን አድርጉ። በቤቶቹ መሀል ያለውን መንገድም በእግር ሂዱ።

ሐኪም የከለከለው ሰው ግን ሰበብ አይፈልግ። «ስኳር አለብኝ፣ አልችልም» ይበል። ብዙ ሰው ይህን የሚደብቀው አፍሮ ነው። እናት ከሰማች ግን በሚቀጥለው በዓል ለእናንተ ብቻ ቅቤ ያልነካው ትንሽ ድስት ለብቻ ትጥዳለች፤ ከዚያ እንዳትበሉ ብትፈልጉ እንኳ አትለቃችሁም።